የታላቅነት ሚዛንና ሚዛን ያዡ
(ስለ ፊልም አዘጋጆች ደረጃ)

ሰዎች ስለ ኪነ ጥበብ በሚነጋገሩበት ስፍራ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ቅኔ ቤት ከሆነ «ከመምህራኑ ማን ይበልጣል?» ይባላል፤ ቴያትር ቤት ከሆነ «ከጸሐፌ ተውኔቶቹ የቱ ይቀድማል?» ይባላል። ፊልም የተነሣ እንደሆነ ግን ክርክሩ ይብስ ይከርራል። አንዱ ሰርጌይ ኤይዘንስታይንን ይጠራል፤ ሌላው ቻርሊ ቻፕሊንን፤ ሦስተኛው ጃፓናዊውን አኪራ ኩሮሳዋን፤ አራተኛው ደግሞ አሜሪካዊውን ኦርሰን ዌልስን የሚያህል የለም ብሎ ይሟገታል። ሌሊቱ ይጋመሳል እንጂ ተከራካሪዎቹ አይስማሙም።

ይህ ክርክር ጊዜ ማሳለፊያ ወግ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን በውስጡ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተሸሽጎበታል። «ታላቅ» የሚለው ቃል ተራ የሙያ ምስክር ወረቀት አይደለምና። አንድ ኅብረተሰብ አንድን የጥበብ ሰው ታላቅ ብሎ ሲሰይም፣ «ልጆች ከዚህ ሰው ይማሩ፤ ሽልማት በስሙ ይሰየም፤ መጪው ትውልድ በእርሱ ዓይን ዓለምን ይመልከት» ማለቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከአዘጋጆች ማን ይበልጣል?» በሚለው ብቻ አያበቃም። «ታላቅ ብሎ የሚሰይመው ወገን ሚዛኑን ከምን ሠራው? ለሰጠውስ ስም በማን ፊት ይጠየቅበታል?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

ፊልሙ ያው፣ ዳኛው ሌላ

በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው በብሪታንያ የፊልም ተቋም የሚታተመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት ነው። መጽሔቱ ከ1952 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየአሥር ዓመቱ የፊልም ሃያስያንን እየጠየቀ ከሁሉ ይበልጣሉ የሚሏቸውን ፊልሞች በደረጃ ያወጣል። በ1952 አንደኛ የሆነው የኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ፊልሙ ከተሠራ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በ1962 የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» አንደኛነቱን ወሰደ፤ እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎችም ማንም አልነቀነቀውም። ይህ በ1941 የተሠራ ፊልም ግን በ1952ቱ ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ እንኳ አልነበረም። በ2012 ዙፋኑን የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ወረሰ። በ2022 ደግሞ 1,639 መራጮች ድምፅ ሰጥተው ቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችውን «ዣን ዲልማን» አንደኛ አደረጉት። በዚህ ምርጫ ታሪክ የሴት አዘጋጅ ሥራ ሲቀድም ያ የመጀመሪያው ነበር። በመካከሉ፣ በ1958፣ በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን የተጠየቁ የፊልም ሊቃውንት ደግሞ የኤይዘንስታይንን «የጦር መርከብ ፖተምኪን» አስቀድመው ነበር።

በነዚህ ሁሉ ዓመታት ፊልሞቹ አልተለወጡም። ዌልስ ከ1952 በኋላ ወደ «ሲቲዝን ኬን» አንዲት ምስል አልጨመረም፤ ዴ ሲካም ከ«የብስክሌት ሌቦች» አንዲት ምስል አልቀነሰም። የተለወጠው ዳኛው ነው። በ2012 ድምፅ የሰጡት ሃያስያን 846 ሲሆኑ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ወደ እጥፍ ተጠግቷል፤ ሸንጎው ሲሰፋ ፍርዱም ተለወጠ።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያስ ነገሩ ሁሉ የየራስ ጣዕም ነው፤ ታላቅና ታናሽ የሚባል የለም» ወደሚል ድምዳሜ ሊያዘነብል ይችላል። ድምዳሜው ግን የተቻኮለ ነው። ሚዛን ያዡ ተለዋወጠ ማለት የሚመዘነው ነገር ክብደት የለውም ማለት አይደለም። የአከርማን ፊልም የአንዲት መበለት የሦስት ቀን ውሎ ነው። ሴትዮዋ ድንች ትልጣለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ልጅዋን ታበላለች፤ ኑሮዋን ለመደጎምም በድብቅ ወንዶች ትቀበላለች። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሲኒማ የማእድ ቤትን ሥራ «ምንም የማይሆንበት ጊዜ» ነው ብሎ ይዘልለው ነበር። አከርማን አልዘለለችውም፤ የሴት ድካም እስኪያልቅ ድረስ ካሜራዋን አቁማ ጠበቀች። ይህ ክብደት በ1975ም በፊልሙ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ጥቂቶች አይተውት ይሆናል፤ ብዙዎቹ ዳኞች ግን ማእድ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ የደረጃ ሰንጠረዥ የሚነግረው የፊልሙን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዳኛው ዓይን እስከ የት እንደሚደርስም ይናገራል።

አንድ ነገር ጨርሶ መዘንጋት የለበትም። አማርኛ የፊልሙን ኃላፊ «አዘጋጅ» ይለዋል። ቃሉ ትሑት ነው፤ የሚያዘጋጅ ሰው ለሌሎች ሥራ ስፍራውን ያመቻቻል እንጂ ብቻውን አይሠራም። ዌልስ «ሲቲዝን ኬን»ን ሲሠራ ፎቶግራፉ የግሬግ ቶላንድ ነበር፤ ዌልስም ስሙን ከቶላንድ ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ አስፍሮ አመስግኖታል። ጽሑፉንም ከኸርማን ማንኪዊትዝ ጋር ተካፍሎታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ አዘጋጅ ታላቅ ሲባል ከኋላው ያሉት ብዙ እጆች አብረው መታየት አለባቸው። ይህ ግን አዘጋጁን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም። ብዙ እጆች የሠሩትን ወዴት እንደሚመራ የወሰነው እርሱ ነውና፣ ምስጋናውን እንደሚካፈል ወቀሳውን ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም።

የግሪፊዝ ፈተና

ሚዛኑ በእውነት የሚፈተነው በአንድ ሰው ነው፤ እርሱም አሜሪካዊው ዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ ነው። ግሪፊዝ በ1915 «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ፊልም አወጣ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ፊልም አጭር ነበር፤ ካሜራውም ብዙውን ጊዜ ቴያትር እንደሚያይ ተመልካች በአንድ ስፍራ ቆሞ ይቀር ነበር። ግሪፊዝ ፊትን አቅርቦ ማሳየትን፣ ሰፊ የጦር ሜዳ ማሳየትን፣ በሁለት ስፍራ በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ ድርጊቶችን እያፈራረቁ ማቅረብን በአንድ ትልቅ ሥራ ውስጥ አዋሐደ። እነዚህን ሁሉ እርሱ ፈጠራቸው ማለት አይቻልም፤ የፊልም ሰዋስው አድርጎ ካደላደሏቸው ግንባር ቀደሞች አንዱ መሆኑን ግን ማንም አይክደውም።

ፊልሙ የሚተርከው ምንድን ነው? ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን እንደ አውሬ ያቀርባል። ከዋና ዋናዎቹ የጥቁር ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹን የተጫወቱት ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች ነበሩ። ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ጥቁር ሕዝብ በማሸበርና በመግደል የሚታወቅ ማኅበር ደግሞ የሀገር አዳኝ አድርጎ ያሳያል። ፊልሙ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን በዋይት ሐውስ ታየ። ለጥቁሮች መብት የቆመውና በ1909 የተመሠረተው ብሔራዊ ማኅበር በየከተማው ተቃውሞ አስነሣ። በዚያው በ1915፣ ጠፍቶ የነበረው ኩ ክለክስ ክላን በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ስቶን ማውንቴን በተባለው ተራራ ላይ እንደገና ተመሠረተ። ማኅበሩም ፊልሙን ለብዙ ዓመታት አባላት መመልመያ አድርጎ ተጠቀመበት።

ለዚህ እንቆቅልሽ የተለመደ አንድ መልስ አለ። «ቅርፁ ታላቅ ነው፤ ይዘቱ የረከሰ ነው፤ ስለዚህ ቅርፁን እናድንቅ፣ ይዘቱን እናውግዝ» የሚል ነው። መልሱ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊልሙን በትክክል አያነበውም። የፊልሙ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ጎጆ ውስጥ የተከበቡ ነጮች አሉ፤ በሌላ በኩል ነጭ ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች ሊያድኗቸው ይጋልባሉ። ግሪፊዝ ጎጆውንና ፈረሰኞቹን እያፈራረቀ ያሳያል፤ ማፈራረቁ እየፈጠነ ሲሄድ የተመልካቹ ልብ ከፈረሶቹ ኮቴ ጋር ይመታል፤ «ይድረሱ! ይድረሱ!» ይላል። ያ ልብ «ይድረሱ» የሚለው ለማን ነው? ለገዳዮቹ ነው። እንግዲህ ቅርፁ ከይዘቱ ተነጥሎ የሚደነቅ ንጹሕ ዕቃ አይደለም፤ ቅርፁ ሐሰቱን ተሸክሞ የጋለበው ፈረስ ራሱ ነው። የብልሃቱ መጠን የጉዳቱም መጠን ሆነ። ፊልሙን ያልተዋጣለት አዘጋጅ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሰው ባላጠመደ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «ኤይዘንስታይንስ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሶቪየት የፊልም ሰዎች በግሪፊዝ ሥራ፣ በተለይም በ1916 በወጣው «አለመቻቻል» በተባለው ፊልሙ ተምረዋል፤ ኤይዘንስታይንም ዕዳውን በጽሑፍ መስክሯል። በ1925 በሠራው «ፖተምኪን» ውስጥ ወታደሮች የኦዴሳን ደረጃ ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ ሕዝብ ይወድቃል፤ እናትየው የተመታችበት የሕፃን ጋሪ ብቻውን እየተንከባለለ ይወርዳል። በ1905 በኦዴሳ ከተማ ብዙ ሰው መገደሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በደረጃው ላይ የሚታየው እልቂት በዚያ መልክ ያቀናበረው የአዘጋጁ ፈጠራ ነው። «እንግዲያስ ሁለቱም ፈጥረዋል፤ ልዩነታቸው የት ላይ ነው?» ይባል ይሆናል።

ልዩነቱ ፈጠራው እውነትን ምን እንዳደረጋት ላይ ነው። ኤይዘንስታይን በከተማይቱ ልዩ ልዩ ስፍራ የፈሰሰውን ደም በአንድ ደረጃ ላይ ሰበሰበው፤ ተኳሹ ተኳሽ፣ ሟቹም ሟች እንደሆነ ቀረ። ግሪፊዝ ግን ተኳሹን አዳኝ፣ ሟቹን አውሬ አደረገ። አንደኛው እውነትን አጠበቃት፤ ሁለተኛው ገለበጣት። ኪነ ጥበብ የታሪክ መዝገብ እንዲሆን ማንም አይጠይቀውም፤ በዳይንና ተበዳይን ቦታ እንዳያለዋውጥ ግን ይጠየቃል።

የሳንሱር ጥላ

ይህ ሐሳብ ወደ ሌላ አደጋ እንዳይመራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ታላቅነት በሥነ ምግባር ይመዘን ከተባለ፣ ነገ የሥልጣን ባለቤት ተነሥቶ «የሥነ ምግባር ዳኛው እኔ ነኝ» አይልምን? ይላል፤ ብሏልም። ለዚህ ምስክሩ ራሱ ኤይዘንስታይን ነው። «የቤዢን መስክ» የተባለው ፊልሙ በ1937 እንዲቆም ተደረገ፤ የቀረውም ከጥቂት ነጠላ ምስሎች አያልፍም። ከዚያም «ኢቫን አስፈሪው»ን ሠራ። ለመጀመሪያው ክፍል በ1946 የስታሊን ሽልማት ተሰጠው፤ የንጉሡን ጭካኔና ጥርጣሬ የሚያሳየው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በዚያው ዓመት ታገደ። ኤይዘንስታይን በ1948 ሞተ፤ ሁለተኛው ክፍል ለሕዝብ የታየው በ1958 ነው። አንዱ እጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ሰው ሸለመውም፣ ዘጋበትም። የመጀመሪያውን ሽልማት የታላቅነት ማረጋገጫ ነው ያለ ሰው ሁለተኛውን እገዳ የታናሽነት ማረጋገጫ ሊል ይገባው ነበር፤ ሁለቱም አልነበሩም።

ስለሆነም ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። «ይህ ሥራ ለተበዳዩ ሰው እውነተኛ ነውን?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ሥራ ለገዢው ይመቻልን?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንኛውም ተመልካች፣ ማንኛውም መምህር፣ ማንኛውም ሃያሲ ፊልሙን አይቶ በአደባባይ ይጠይቃል፤ መልሱም በክርክር ይፈተናል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚጠየቀው በተዘጋ ክፍል ነው፤ መልሱም መቀስ ነው። የመጀመሪያው ዓይን ይከፍታል፤ ሁለተኛው ይጋርዳል። ግሪፊዝ በተቃውሞው ተቆጥቶ በ1916 ስለ ንግግር ነጻነት የሚሟገት ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ፊልሙ መታገድ አልነበረበትም ቢል ክርክሩ ክርክር ነው፤ በነጻነት ስም ከትችት ለመሸሽ ከሆነ ግን ነጻነት የእርሱ ብቻ ሳትሆን የተሰደበውም ሕዝብ ናት።

ከዚህ ላይ በ1999 የሆነውን ማንሣት ይገባል። የአሜሪካ የፊልም አዘጋጆች ማኅበር ለረጅም ዘመን አገልግሎት የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት በግሪፊዝ ስም ይጠራ ነበር። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ስሙን ከሽልማቱ ላይ አነሣው። አንዳንዶች «ታሪክ ተሰረዘ» ብለው አዘኑ። ነገር ግን ከፊልሞቹ አንድም አልተቃጠለም፤ ዛሬም ይታያሉ፤ በትምህርት ቤቶችም ይጠናሉ። የተነሣው ዘውዱ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላልና፣ የሟችን ስም በሕያዋን ሽልማት ላይ የሚያኖር ወገን ያን ስም በየዓመቱ አዲስ አድርጎ መስጠቱ ነው። አንድ ጥቁር አዘጋጅ ያን ሽልማት ሊቀበል ወደ መድረክ ሲወጣ አያቶቹን አውሬ ያደረገውን ሰው ስም ይዞ እንዲወርድ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

ከዚህ ሦስት የሚምታቱ ነገሮች ይለያሉ፤ ቀዳሚነት፣ ብልሃትና ታላቅነት። ግሪፊዝ ቀዳሚ ነው፤ ብልሃተኛም ነው፤ ሁለቱን መንፈግ ሐሰት ይሆናል። ታላቅነት ግን ከሁለቱ የሚተርፍ ነገር ይጠይቃል።

የተበደረ ዓይን

የሚተርፈው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ዴ ሲካ መመለስ ይጠቅማል። «የብስክሌት ሌቦች» ሥራ ያገኘ ድሃ ብስክሌቱ ተሰርቆበት ከትንሽ ልጁ ጋር በሮም መንገዶች ሲንከራተት ያሳያል። አባትየውን የተጫወተው ተዋናይ ያልነበረ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በመጨረሻ አባትየው ራሱ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲል ይያዛል፤ ሕዝብ ይሰድበዋል፤ ልጁም ያያል፤ ከዚያም ልጁ የአባቱን እጅ ይይዛል። ዴ ሲካ ለሌባው ጠበቃ አልቆመም፤ ፈራጅም አልሆነም፤ ተመልካቹን ከልጁ ጎን አቆመው እንጂ።

በ1950 አንድ የካልካታ የማስታወቂያ ሠዓሊ ለሥራ ወደ ለንደን ሄዶ ይህን ፊልም አየ። ስሙ ሳትያጂት ራይ ነበር። ከፊልሙ ሲወጣ እርሱም በሀገሩ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በእውነተኛ ስፍራና በማይታወቁ ሰዎች ፊልም ለመሥራት ቆርጦ ነበር። ገንዘብ አልነበረውም፤ የባለቤቱ ጌጥ መያዣ ሆነ፤ ሥራው ለዓመታት እየተቋረጠ ቀጠለ፤ በመጨረሻም በምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ በ1955 «ፓተር ፓንቻሊ» ተጠናቀቀ። በአንድ የቤንጋል መንደር የሚኖር የድሃ ቤተሰብ ልጅ ዓለምን ሲያይ፣ ዓለምም እርሱን አየው። የዴ ሲካ ፊልም ዛሬ በሃያስያን ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የለም። በለንደን የሲኒማ አዳራሽ ለአንድ እንግዳ ሰው ያበደረው ዓይን ግን በምንም ሰንጠረዥ ዝቅ አይልም።

እንግዲህ ታላቅ አዘጋጅ ማለት ያልታየውን ሰው እንዲታይ ያደረገ፣ ከእርሱም በኋላ ሌሎች በገዛ ዓይናቸው እንዲያዩ ያበቃ ነው። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሰምቤን በማርሴይ ወደብ ሸክም ሲሸከም የኖረ ሠራተኛ ነበር፤ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ሕዝቡ ግን አብዛኛው ማንበብ እንደማይችል ስላወቀ ፊልም ሊማር ወደ ሞስኮ ሄደ። በ1966 የሠራው «ጥቁሯ ልጅ» በፈረንሳይ ቤት ተዘግቶባት የምታገለግል አፍሪካዊት ወጣት ታሪክ ነው። በአሠሪዎቿ ቤት ስሟን የሚጠራ እምብዛም ነው፤ የልቧን ሐሳብ የሚሰማው ተመልካቹ ብቻ ነው። ፊልሙ በ2022ቱ የሃያስያን ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ ገብቷል። ከተሠራ ሃምሳ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

ጭራሽ ሊመረጡ የማይችሉም ነበሩ። ጥቁሩ አሜሪካዊ ኦስካር ሚሾ በ1920 «በደጆቻችን ውስጥ» የተባለ ፊልም ሠርቶ ግሪፊዝ የገለበጠውን ወደ ቦታው መለሰ፤ በዚህ ፊልም ያለ ፍርድ የሚሰቀሉት ንጹሐን ጥቁሮች ናቸው፤ የሚሰቅላቸውም የነጮች መንጋ ነው። ይህ ፊልም ለአሥርተ ዓመታት ጠፋ። በ1970ዎቹ አንድ ቅጂ በስፔን ተገኘ፤ ታድሶ የወጣውም በ1993 ነው። በ1952፣ በ1962፣ በ1972 ድምፅ የሰጡ ሊቃውንት ግሪፊዝን ከሚሾ ሊያመዛዝኑ ቢፈልጉ እንኳ አይችሉም ነበር፤ የአንዱ ሥራ በየቤተ መዛግብቱ ተጠብቆ ሲቀመጥ የሌላው ጠፍቶ ነበርና። የቀረበለትን ብቻ የሚመዝን ዳኛ፣ ያልቀረበው ለምን እንዳልቀረ ካልጠየቀ፣ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

ነገሩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ፊልም የተማሩት በዚያው በግሪፊዝ ሀገር፣ ከሆሊውድ ደጃፍ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በኢትዮጵያ ገጠር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ገበሬው በባለ ርስቱ መሬት ላይ ሲማስን ያሳያል። በ1993 የሠሩትን «ሳንኮፋ» የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉ፣ አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ለጥቁር ማኅበረሰብ አሳዩት። ለብዙ ዓመታትም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በግሪፊዝ ፊልም አውሬ ተደርገው የቀረቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ካሜራ ይዘው እንዲያዩ ያሠለጠነ መምህር በየትኛው ሰንጠረዥ ስንተኛ ነው? ጥያቄው ራሱ የሰንጠረዡን ጥበት ያሳያል።

ሰንጠረዥ ይቅር ማለት ግን አይደለም። ዝርዝር ያላየውን ፊልም ለወጣቱ ያመለክተዋል፤ የተረሳውንም ያስታውሳል። ክርክሩም ይቀጥል፤ ክርክር የሌለበት ጥበብ የተቀበረ ጥበብ ነው። መምህሩ የግሪፊዝን ፊልም ለተማሪዎቹ ሲያሳይ የሚሾን ፊልም አስከትሎ ያሳይ፤ ሃያሲው አንዱን ሲያስቀድም በምን ሚዛን እንዳስቀደመው ይናገር፤ የጥበብ ሥራን የመፍቀድና የመከልከል ኃላፊነት ያለበት ሰውም የኤይዘንስታይን ሁለተኛ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ተዘግቶበት የኖረውን መዝገብ ቤት ያስታውስ። ሥራውን የሚጀምር አዘጋጅ ደግሞ ስንተኛ እሆናለሁ ብሎ ከመጨነቁ በፊት፣ ካሜራውን ባቆመበት ስፍራ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚጋረድ ይመልከት። ደረጃውን የሚሰጡት ገና ያልተወለዱ ዳኞች ናቸው፤ ካሜራው የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን ዛሬ እርሱ ነው።